ስክሪኑ የጋራ፣ ማውሱ የግል

በዚህ ዘመን የቅዳሜና እሑድ የማስተርስ ትምህርት የሚጀመረው በስም ጥሪ አይደለም፤ «ይታያችኋል?» በሚል ጥያቄ ነው። መምህሩ ስክሪን ሼር አድርገዋል። ዐርባ ተማሪ በዐርባ ቦታ ሆኖ ሊንኩን ተጭኖ ገብቷል፤ አንዱ ሚኒባስ ውስጥ ነው፣ አንዷ ልጇን ታጠባለች፣ አንዱ ቢሮው ቁጭ ብሎ ከአለቃው ተደብቋል። «ይታያችኋል?» ዝም። «ስክሪኑ ይታያል ወይ?» አሁንም ዝም። መምህሩ ይደናገጡና ሼሩን አቋርጠው እንደገና ይጀምራሉ። ልክ ሲያቋርጡት ነው አንዱ ከእንቅልፉ እንደባነነ ሰው ሚዩቱን አንሥቶ «አዎ ዶክተር፣ ይታያል» የሚለው። ያየው የቅድሙን ነው። «ኧረ አሁን ጠፋ» ትላለች ሌላዋ። «መጣ መጣ» ይላል ሦስተኛው። ትምህርቱ ሳይጀመር ሩብ ሰዓት አለቀ።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ጥፋቱ የማንም አይደለም። ስክሪን ሼር ሲደረግ የመምህሩ ኮምፒውተር ገጹን እንደ ፎቶ እያነሣ፣ እያመቀ፣ ወደ አንድ ሰርቨር ይልካል፤ ሰርቨሩ ለየተማሪው ያከፋፍላል። መምህሩ የሚያዩት ዋናውን ነው። ተማሪው የሚያየው እንደ ኔትወርኩ ጸባይ ዘግይቶ የደረሰውን ግልባጭ ነው። እንግዲህ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ሌላው ምን እያየ እንደሆነ የማያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ሼር ያደረገው ሰውዬ ነው። የሚያስተምረውም እሱ ነው።

በካሊፎርኒያ የዜሮክስ ቤተ ሙከራ የነበሩ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ኮምፒውተር የተደረደረበት የስብሰባ አዳራሽ ሠርተው፣ «እኔ የማየውን አንተም ታያለህ» የሚል መርሕ አውጥተው ነበር። ጥቂት ሠርተውበት በ1987 በጻፉት ጽሑፍ ግን መርሑን ላላ ማድረግ እንደሚያስፈልግ አመኑ። አንድ ሕንጻ ውስጥ ተሰብስበው እንኳን ሁሉም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ማየት አላዋጣቸውም። እኛ መርሑን ከነጥብቅነቱ ወስደን በሞባይል ዳታ ልናስኬደው ተነሣን።

አንድ ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ። ትምህርቱ የምርምር ዘዴ ነው። መምህሩ የተዘጋጁ ሰው ናቸው፤ ስላይዳቸው ያማረ፣ ድምፃቸውም የጠራ። «ይህን ግራፍ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት» ይላሉ። «ቀዩ መስመር ወዴት እንደሚሄድ አያችሁ?» ተማሪው ፊት ያለው ግን የመጀመሪያው ገጽ ነው፤ የኮርሱ ስም፣ የመምህሩ ስም፣ የኢሜይል አድራሻ። ቀይ መስመር የሚባል ነገር የለም። ማን ይናገር? እያንዳንዱ «የእኔ ኔትወርክ ነው» ብሎ አስቧል። ያላሰበውም ቢሆን ዶክተርን በመሀል ማቋረጥ ነውር ነው ብሎ አድጓል። ወደ ማብቂያው ግድም አንዲት ደፋር «ይቅርታ ዶክተር፣ እኛ ጋ የመጀመሪያው ገጽ ነው የሚታየው» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

ሶፍትዌሩ ሼር ከማስጀመሩ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ሙሉው ስክሪን ይሂድ ወይስ አንዱ መስኮት ብቻ? እሳቸው የመረጡት የፓወርፖይንቱን መስኮት ነበር። ከዚያ ስላይድ ሾው ሲሉት ሌላ አዲስ መስኮት ተከፈተ። ሶፍትዌሩ የታዘዘው የፊተኛውን እንዲያሳይ ስለሆነ በታማኝነት ያንኑ ሲያሳይ ዋለ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ሠራተኛ በየትም መሥሪያ ቤት አይገኝም።

ሙሉ ስክሪን የሚመርጡ መምህራን ደግሞ ኑሯቸውን አብረው ያስተምራሉ። ዴስክቶፑ ላይ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» የሚሉ ፋይሎች ተደርድረዋል። ከኋላ የሠርግ ፎቶ አለ። በትንተናው መሀል ከጥጉ ብቅ ትልና «ስትመጣ ሽንኩርት እንዳትረሳ» የምትል የቴሌግራም መልእክት ታልፋለች። ግራፉ አልታየኝም ሲል የነበረው ተማሪ ሁሉ ሽንኩርቷን አንብቧል። የዕለቱ ትምህርት ከዚያ በኋላ ቢረሳም ሽንኩርቷ አትረሳም።

የድምፁን ነገርማ አታንሡት። ምስል ሼር ተደረገ ማለት የኮምፒውተሩ ድምፅ አብሮ ሄደ ማለት አይደለም፤ ድምፁ በራሱ መንገድ ስለሚጓዝ በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ለብቻው ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሳጥን አለች። መምህሩ ሳጥኗን ሳያዩ አንድ የሚያስቅ የማብራሪያ ቪዲዮ ይከፍታሉ። እሳቸው ይሰማሉ፤ ይስቃሉ። ተማሪዎቹ አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ፈረንጅ ያያሉ። ቪዲዮው ሲያልቅ «ጥሩ ማብራሪያ ነው አይደል?» «በጣም ጥሩ ነው ዶክተር!»

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ሁለት ሰዎች በተለያየ ቦታ ሆነው አንድ ጽሑፍ በጋራ ሲያዩና ሲነጋገሩበት ለአደባባይ የታየው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1968 ነው። ዳግላስ ኤንግልባርት የሚባል መሐንዲስ ሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ ተቀምጦ፣ ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሜንሎ ፓርክ ካለ ባልደረባው ጋር በአንድ ስክሪን ተገናኘ። የጓደኛው ፊት በስክሪኑ ጥግ ይታያል፤ የሚያወሩበት ጽሑፍ ከፊታቸው ነው። በዚያው መድረክ ማውስ የሚባለውንም ነገር ለሕዝብ አሳየ። ሰውዬው ያሰበው ሰዎች አብረው እንዲያስቡ ነበር። ዐርባ ሰው ቁጭ ብሎ የአንዱን ማውስ ሲንከራተት እንዲያይ አልነበረም።

እኛ አገር ከሩቅ የሚመጣ ትምህርት በስክሪን የገባው በሌላ በር ነው። በ1997 ዓ.ም. ግድም በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በሳተላይት የመጣውን «ፕላዝማ» የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ፕላዝማ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ጥያቄ ይጠይቅና ለመልሱ ጥቂት ሰከንድ ሰጥቶ፣ መለስክም አልመለስክም «በጣም ጥሩ» ብሎ በእንግሊዝኛው ያልፋል። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር እንኳ ሊያስቆመው አይችልም። መብራት ከጠፋ ደግሞ ምዕራፉ አመለጠ። ያኔ ያልተማረረ አልነበረም፤ «ጆሮ ያለው ነገር ቢሆን» ይባል ነበር።

ከዚያ መጋቢት 2012 ዓ.ም. መጣ። ኮሮና ገባ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከጥቂት ወራት በፊት በቀን 10 ሚሊዮን ተሳታፊ የነበረው ዙም በዚያ መጋቢት 200 ሚሊዮን ደረሰ። በመጨረሻ ጆሮም እጅም ያለው ነገር አገኘን። ተማሪው መናገር ይችላል፣ መጻፍ ይችላል፣ ከተፈቀደለት የመምህሩን ፕሮግራም ከቤቱ ሆኖ መንካት ይችላል። ምን አደረግነው? ፕላዝማ አደረግነው። ሚዩት ተባልን፣ ካሜራ ተዘጋ፣ አንድ ሰው ለሁለት ሰዓት ተናገረ። ልዩነቱ የድሮውን መንግሥት ከፈለልን፣ የአሁኑን ፓኬጅ ከኪሳችን እንገዛለን።

ፓኬጅ ካነሣሁ አይቀር አንድ ስሌት ልሥራ። የተለመደ የላፕቶፕ ስክሪን 1920 በ1080 ነጥብ አለው። ለየነጥቡ ቀለም ሦስት ባይት ሲያዝ፣ አንዲት የስክሪን ምስል ሳትታመቅ 6 ሜጋባይት ያህል ትመዝናለች። አሁን በስክሪኑ ላይ ያለው አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ነው እንበል፤ 2000 ፊደል። የግዕዝ ፊደል በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ጠቅላላው 6 ኪሎባይት ነው። ሺህ እጥፍ! ለሶፍትዌሩ እውነት ለመናገር ምስሉን ያምቀዋል፤ የተለወጠውን ቦታ ብቻ እየለየም ይልካል። ግን መምህሩ እረፍት የሌላቸው ሰው ከሆኑና እያወሩ የማውሱን ጎማ ወደ ላይ ወደ ታች የሚያሽከረክሩ ከሆነ ሁሉም ቦታ ይለወጣል፤ ሁሉም እንደገና ይላካል። የሳቸው የጣት አመል በዐርባ ተማሪ ሂሳብ ላይ ይቆጠራል ማለት ነው።

ሥዕሉ ይላክ ወይስ ጽሑፉ የሚለው ጭቅጭቅ በሙያው ዓለም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። አንድን ፕሮግራም ለብዙ ሰው ለማካፈል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማዕከላዊ ነው፤ ፕሮግራሙ በአንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይሠራና ሥዕሉ ለሌላው ይላካል። ጥሩነቱ፣ ተማሪው ፕሮግራሙ ባይኖረውም ያያል። ክፋቱ፣ ሥዕል ከባድ ነው፤ ባለቤቱ ከወደቀ ደግሞ ሁሉም ይወድቃል። ሁለተኛው ለየሰዉ ቅጂ ይሰጥና «እዚህ ጋ ይህን ጻፍ፣ ያንን ሰርዝ» የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ያመላልሳል። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ጣጣው ግን ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ። ለርቀት ትምህርት ተብለው የተሠሩት ፕሮግራሞች ይህን ያውቃሉ። ካናዳ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረውና በነፃ የሚገኘው ቢግ ብሉ በተን ስላይዱን ቀድሞ ጫኑልኝ ይላል፤ ከዚያ ገጽ በገጽ ለየተማሪው ያደርሳል። የኛ ሰው ምን ያደርጋል? ስላይዱን የመጫኛውን ቁልፍ አልፎ ሄዶ፣ እዚያው ቢግ ብሉ በተን ውስጥ ፓወርፖይንቱን ስክሪን ሼር ያደርጋል።

የማዕከላዊው መንገድ ክፋት መብራት ሲጠፋ ነው የሚታየው። የመምህሩ ቤት መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም፣ ስላይዱም፣ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። ተማሪዎቹ ግን ሰርቨሩ ላይ ስለሆኑ አልወጡም። አንድ ደቂቃ ጸጥታ ይሆናል። ከዚያ አንዱ «ወጡ እንዴ?» ይላል። «ወጡ መሰለኝ።» «እናንተ፣ ያቺ ፎርሙላ ገብታችኋለች?» ትላለች አንዷ። «አይዞሽ እኔ ላሳይሽ» ብሎ ሌላው የራሱን ኤክሴል ሼር ያደርጋል፤ «እስቲ አንተ ሞክራት» ብሎ ቁልፉን ለሦስተኛው ይሰጣል፤ ሲሳሳት ሦስት ሰው ይጮኽበታል። ካሜራቸውን ከፍተው የማያውቁ ይከፍታሉ። ኤንግልባርት ያሰበው ነገር በሴሚስተሩ ውስጥ የተፈጸመው መምህሩ ጀነሬተር እስኪያስነሡ ድረስ ባለችው ጊዜ ነው። «ይቅርታ፣ መብራት ሄዶብኝ ነው። ይታያችኋል?» ሲሉ ሁሉም ሚዩቱ ውስጥ ተመልሶ ይገባል።

ቁልፍ መስጠት ያልኩት ነገር በሙያው ትልቅ ቦታ ያለው ነው። ሁለት እጅ በአንድ ማውስ ላይ ካረፈ ማውሱ ወደ የትም አይሄድም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ይይዛል፣ ሌላው ይጠይቃል፣ ባለቤቱ ይፈቅዳል፣ ሲያስፈልግ ይነጥቃል። ኔትሚቲንግ የሚባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህን ይዞ ነው የመጣው። የዕድር ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው የሚሠራውን ሥራ በኮድ መጻፍ ነው፤ ማን ይናገር፣ እስከ መቼ፣ ማን ይቀጥል። ዕድር ላይ ግን ሰብሳቢው ዕድሉን ለራሱ ብቻ እየሰጠ ሁለት ሰዓት ቢያወራ በሚቀጥለው ጊዜ አይመረጥም።

መምህራኑም ሞክረው አያውቁም አልልም። አንዱ የስክሪኑን እስክሪብቶ ለተማሪዎቹ ከፈቱት። «እስቲ በቲዎሪው ላይ ያላችሁን አስተያየት በሥዕሉ ዙሪያ ጻፉ» አሉ። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልነካውም። ከዚያ አንድ ቀጭን መስመር ስክሪኑ ላይ መንቀሳቀስ ጀመረች፤ ዞር ዞር አለችና በስላይዱ ላይ ለነበሩት ሽማግሌ የቲዎሪው አባት የተከረከመ ጢም ሳለችላቸው። ቀጥሎም መነጽር። «ማነው?» ማንም አይደለም። እስክሪብቶው ታሰረ፤ እስከ ዛሬም አልተፈታም። በአንድ ጢም ምክንያት ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ተቀጣ።

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ ልመለስ፤ ቅጂው በየሰዉ እጅ ወዳለበት። ጣጣው ይህ ነው። አንተና እኔ አንድ ሰነድ ከፍተናል፤ «ሰላምታ» የሚል ቃል አለበት። እኔ መጀመሪያው ላይ «የ» ጨመርኩ። አንተ በዚያችው ቅጽበት አራተኛውን ፊደል፣ «ታ»ን፣ ሰረዝክ። የአንተ ትእዛዝ «አራተኛውን ሰርዝ» እያለ ወደ እኔ ሲደርስ እኔ ጋ «የሰላምታ» ሆኗልና አራተኛው «ም» ነው። «ም» ይጠፋና «የሰላታ» ይቀረኛል፤ አንተ ጋ «የሰላም» ተጽፏል። አንድ ሰነድ፣ ሁለት እውነት። ኤሊስና ጊብስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 መፍትሔውን አሳዩ፦ የሚመጣው ትእዛዝ ቀድሞ በተፈጸመው መጠን ይስተካከል፤ አራተኛ የተባለው አምስተኛ ይሁን። ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት ሰው ይህንኑ ሲያሻሽል፣ ሲከራከርበት፣ ዶክትሬት ሲሠራበት ኖሯል። ጉግል ዶክስ ላይ አብረን ስንጽፍ ፊደላችን የማይጋጨው በዚህ ድካም ነው።

ይህን የድካም ፍሬ የኛ ግሩፕ አሳይመንት ላይ እንየው። ስድስት ሰው ነው። ሊንኩ ተልኳል፤ ሁሉም «እሺ»፣ «ተባረኪ»፣ «በርቱ» ብሏል። ሰነዱ ግን ሦስት ሳምንት ባዶ ነው። የሁለት ሰው ፊደል ተጋጨ የሚባል ችግር አልተከሰተም፤ ሁሉም ሌላው ይጽፋል ብሎ ስለሚጠብቅ የሚጋጭ ፊደል የለም። ማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊት ላይ አንዷ ብቻዋን በወርድ የሠራችውን አምጥታ በአንድ ጊዜ ገለበጠችው። ለስድስት እጅ የተሠራው ማሽን የፖስታ ሳጥን ሆነ።

ሰነዱ ደግሞ ሁሉን ይመዘግባል። ማን መቼ ምን እንደነካ በታሪኩ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ከፍታችሁ ብታዩት፦ ጽሑፉን በሙሉ እሷ። አንዱ የርእሱን ፊደል አተለቀ። አንዱ የራሱን ስም ከአምስተኛ ወደ ሁለተኛ አወጣ። አንዷ ጠርዙ ላይ «በጣም አሪፍ ነው፣ ቀጥሉበት» ብላ አስተያየት ሰጠች፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። ስድስተኛው ገብቶ አያውቅም፤ በቴሌግራም «ስሜን እንዳትረሱ፣ የአባቴን ስም በሁለት ሐ ነው የምጽፈው» ብሏል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል ነበር። እዚህ ሸክሙ የአንዷ ሆኖ ጌጡን ስድስቱም ለበሱት። መምህሩም ታሪኩን ከፍተው አያዩም፤ ቢያዩ ለስድስት ሰው ስድስት ዓይነት ውጤት ሊሰጡ ነው፣ ማን ይጨቃጨቃል።

የሰዓቱን ነገር ሳላነሣ ብቀር ውጭ ያሉት ይቀየሙኛል። ከዋሽንግተን ሆነው በነፃ የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ምሁራን አሉ፤ ምስጋና ይግባቸውና። «ቅዳሜ 2 ሰዓት» ይባላል። በማን ሰዓት? የጠዋት ነው የማታ? የሐበሻ ነው የፈረንጅ? የአዲስ አበባና የዋሽንግተን ልዩነት በክረምታቸው ስምንት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ነው፤ እነሱ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፣ እኛ አናዛውርም። ሶፍትዌሩ ሁሉንም አስልቶ ለየሰዉ በየአገሩ ሰዓት ሊያሳይ ይችላል፤ ሰዓቱን በካሌንደር ከተሞላለት። እኛ ግን ቴሌግራም ላይ «2 ሰዓት እንገናኝ» ብለን እንጽፋለን። ተማሪዎቹ በጠዋት ቡናቸውን ይዘው ገብተው ሲጠብቁ፣ ምሁሩ እዚያ እኩለ ሌሊት ሆኖ ተኝተዋል። ከዚያ ምሁሩ ሲነጋላቸው ባዶ ክፍል ውስጥ ለብቻቸው «ይሰማል?» ይላሉ።

ማሽኑ ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ መብራቱ ይሄዳል፣ የሞባይል ስክሪን ላይ የኤክሴል ቁጥር ማንበብ ለዓይን ሐኪም ሥራ ይፈጥራል። ግን ፕሮግራም የመጋራት ጥበብ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎት፣ የጎደለችው እኛ ጋ ያለችው ቁራጭ ሆና ስትገኝ መታዘብ ይገባል። ሁለት ሰው አንድ ፊደል ሳይጋጭ እንዲጽፍ ተደርጓል፤ ሁለት ሰው አብሮ እንዲጽፍ ማድረግ ግን የመሐንዲስ ሥራ አልሆነም።

ስለዚህ የተከበሩ ዶክተር፣ ለሚመጣው ቅዳሜ አደራ፦ ስላይዱን ዓርብ ማታ በቴሌግራም ይላኩልንና እኛው ጋ ከፍተን እንከተልዎ። ቪዲዮ ካለ የድምጿን ሳጥን ምልክት ያድርጉባት። የቴሌግራም ማሳወቂያዎን ይዝጉ፤ ሽንኩርቱን እኛ እናስታውስዎታለን። እስክሪብቶውንም ለአንዳችን ይፍቱልን፤ ጢም ለሳለው ልጅ ግን አይስጡብን።